ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም? የብርና የዶላር ምንዛሬ የ80 ዓመት ጉዞ

"ድሮ እኮ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር!"

ይህችን አባባል ያልሰማ የለም። ዶላር በጨመረ ቁጥር የድሮ የብር ኖት ፎቶ ይወጣል፣ ከሥሩ "ወይ ጊዜ!" ይባላል፣ ሼር ይደረጋል። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ማንም አልፈጠረውም። ችግሩ ቁጥሩ ብቻውን ሲቀመጥ ግማሹን ታሪክ ብቻ መናገሩ ነው።

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር "የድሮውን ምንዛሬ በቅደም ተከተል አስቀምጡልን" ብላችሁን ነበር። ዛሬ ይዘን ቀርበናል። ረዘም ያለ ስለሆነ ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት፣ ለጥናትም ለክርክርም ይሆናችኋል።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገሮች፦

▪ "ዓ.ም." ስንል የኛን አቆጣጠር፣ "እ.ኤ.አ." ስንል የፈረንጆቹን ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ብዙ ስህተት ስለሚፈጠር በአብዛኛው ሁለቱንም እናስቀምጣለን።

▪ "ምንዛሬ" ስንል የመንግሥትና የባንክ ይፋዊ ተመን ማለታችን ነው። የጥቁር ገበያ ዋጋ ሲሆን ለይተን እንናገራለን።

በአጭሩ፦ የ1 ዶላር ዋጋ በብር

▪ 1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1945)፦ 2.48
▪ 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964)፦ 2.50
▪ ታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971)፦ 2.30
▪ የካቲት 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973)፦ 2.07
▪ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1992)፦ 5.00
▪ 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001/02)፦ 8.50 አካባቢ
▪ ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010)፦ 16.35
▪ ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017)፦ 26.90 አካባቢ
▪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ ከማሻሻያው በፊት (እ.ኤ.አ. 2024)፦ 57.48
▪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ቀን፦ 74.73
▪ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የብሔራዊ ባንክ ጨረታ አማካይ፦ 107.90
▪ የ2017 ዓ.ም. ማብቂያ (እ.ኤ.አ. 2025)፦ ከ130 በላይ

ቁጥሩን ብቻ ለፈለገ ይህ ይበቃዋል። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ለሚፈልግ ግን አብረን እንቀጥል።

1. በወርቅ የተለካ ብር

አያቶቻችን "ብር" ሲሉ መጀመሪያ ብረቱን ራሱን ነበር። የኦስትሪያዋ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ለብዙ ዘመን የአገራችን ዋና ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በራሳቸው ምስል ብር ካስቀረጹ በኋላም ጠገራው ከገበያ አልጠፋም። ዋጋው የሚወሰነው በውስጡ ባለው የብር መጠን ስለነበር፣ የዓለም የብር ዋጋ ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ ሲወርድም አብሮ ይወርዳል።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሊራ ገባ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ለጥቂት ዓመታት የእንግሊዞቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተሠራበት። የራሳችን ብር በወረቀት ኖት ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ቀኑ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን ነበር።

ያኔ ምንዛሬ እንደዛሬው በየቀኑ የሚቀያየር ነገር አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተዘረጋው ሥርዓት እያንዳንዱ አገር ገንዘቡን በወርቅ ወይም በዶላር ይተምናል፣ ዶላር ራሱ ደግሞ በወርቅ ይታሰራል። በዚህ ስሌት አንድ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነበር። በ1956 ዓ.ም. በትንሹ ተስተካክሎ 2 ብር ከ50 ሆነ፣ ማለትም አንድ ብር 40 የአሜሪካ ሳንቲም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው።

2. ብር የጠነከረበት ጊዜ

ብዙ ሰው የማያውቀው ክፍል ይሄ ነው። ብር በዶላር ላይ የጠነከረበት ጊዜ አለ! ከ2.50 ወደ 2.30፣ ከዚያ ወደ 2.07 የወረደው ዶላር ነው።

ምክንያቱ አሜሪካ ነበረች። ነሐሴ 1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 1971) ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላርን በወርቅ የመለወጥ ግዴታን አቋረጡ። በታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. አሜሪካ ዶላሯን ከወርቅ አንጻር አረከሰች፣ በየካቲት 1965 ዓ.ም. ደግሞ ደገመችው።

ኢትዮጵያ ግን የብሯን የወርቅ ልክ አልነካችም፤ አንድ ብር 0.355 ግራም ወርቅ ገደማ እንደሆነ ቀጠለ። ዶላሩ የሚይዘው ወርቅ ሲያንስ፣ አንድ ዶላር ለመግዛት የሚያስፈልገው ብርም አብሮ አነሰ። 2.07 የመጣው በዚህ ሒሳብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እርማት እናድርግ። 2.07 "የደርግ ምንዛሬ" እየተባለ ይጠራል፤ ነገር ግን የተጀመረው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ተመኑን አገኘው፣ ሳይነካው እስከ መጨረሻው ይዞት ሄደ።

3. 19 ዓመት በ2.07፦ ታዲያ ማን ከፈለ?

2.07 ከየካቲት 1965 እስከ መስከረም 1985 ዓ.ም. ድረስ፣ ከ19 ዓመት በላይ ሳይነቃነቅ ቆየ። በመካከሉ አብዮት ፈነዳ፣ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ተደረገ፣ የ1977ቱ ረሃብ መጣ፣ የርስ በርስ ጦርነቱ ቀጠለ። ምንዛሬው ግን ያው 2.07 ነበር።

ይህ የብር ጥንካሬ ነው ወይ? ለመመለስ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ በ2.07 ዶላር ማን ነበር የሚያገኘው?

ማንም ሰው ባንክ ሄዶ "ዶላር ስጡኝ" ብሎ 2.07 ከፍሎ አይወጣም ነበር። ዶላር በፈቃድ ነበር የሚሰጠው። ቅድሚያው የመንግሥት ነው፤ ለጦር መሣሪያ፣ ለነዳጅ፣ ለመንግሥት ፋብሪካዎች። ግለሰብ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚፈቀድለት ጥቂት ነው። ቀሪው በጥቁር ገበያ ይፈልጋል፣ እዚያ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። በዘመኑ ማብቂያ አካባቢ የጥቁር ገበያው ዶላር ወደ 7 ብር ተጠግቶ ነበር።

እንግዲህ አንድ ነገር በ2.07 ተተምኖ ገበያው 7 የሚከፍልለት ከሆነ፣ ልዩነቱን የሚከፍል አንድ ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው በዋናነት ቡና አምራቹ ገበሬ ነበር።

በቀላሉ እናስላው። በዘመኑ ከኤክስፖርት ገቢያችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከቡና ነበር። ቡናው ውጭ አገር 1 ዶላር ሲሸጥ፣ ዶላሩ ለመንግሥት ይገባል፣ ወደ አገር ውስጥ የሚመለሰው 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነው። ከዚያች ላይ ታክስ ይቀነሳል፣ ማጓጓዣ ይቀነሳል፣ የአቅራቢው ድርሻ ይቀነሳል። የተረፈችው ለገበሬው። ዶላሩን በ2.07 የሚያገኘው ክፍል ግን ዕቃ በርካሽ ያስገባል።

ውጤቱም ታየ። ቡና፣ የቁም ከብትና ጫት በኮንትሮባንድ ድንበር መሻገር አዋጭ ሆነ። በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1989) ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ሲፈርስ የቡና ዋጋ ወደቀ፣ የዶላር ድርቁም ባሰ።

ከውጭ ገንዘብ የሚልክ ቤተሰብ ላይም ያው ነበር። 100 ዶላር በባንክ ከላከ እናቱ እጅ የሚገባው 207 ብር ነው። በሰው እጅ ከላከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ሰው በሰው እጅ መላክን የመረጠው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

4. መስከረም 1985፦ ከ2.07 ወደ 5 ብር

የሽግግር መንግሥቱ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር 5 ብር እንዲሆን ወሰነ። በአንድ ጊዜ ከተደረጉት ማስተካከያዎች በመቶኛ ትልቁ እስካሁን ይሄ ነው፤ የዶላር ዋጋ በ141 በመቶ ጨመረ።

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የዶላር ጨረታ ጀመረ። በየሁለት ሳምንቱ አስመጪዎች ዋጋ ያቀርባሉ፣ ባንኩ ይሸጣል። ለጥቂት ጊዜ ሁለት ይፋዊ ተመኖች ጎን ለጎን ሠርተዋል፦ አንዱ እንደ ነዳጅና መድኃኒት ላሉ መሠረታዊ ነገሮች፣ ሌላው የጨረታው። በ1987 ዓ.ም. ማብቂያ (እ.ኤ.አ. ጁላይ 1995) ሁለቱ ተዋሃዱ፣ ዶላርም ከ6 ብር በላይ ሆኖ ቀጠለ።

ከጥቅምት 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2001) ጀምሮ ደግሞ ጨረታው ቀርቶ ባንኮች እርስ በርስ የሚገበያዩበት የኢንተርባንክ ገበያ መጣ። በወረቀት ላይ ተመኑን የሚወስነው ገበያው ነው። በተግባር ግን ብሔራዊ ባንክ እጁን አላነሳም፤ ዶላር በሳንቲም ደረጃ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ከ1994 እስከ 1999 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከ8.50 ወደ 9 ብር አካባቢ ብቻ ነው የተጓዘው።

5. "በአንድ ሌሊት" የመጡት ሁለቱ

ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ከ13.63 አካባቢ ወደ 16.35 ዘለለ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከ23.42 አካባቢ ወደ 26.90 ተሻገረ።

በሁለቱም ጊዜ የተሰጠው ምክንያት ተመሳሳይ ነበር፦ ኤክስፖርትን ማበረታታት። ሐሳቡ ይሄ ነው። አገር ውስጥ ዋጋ በየዓመቱ በ10 ወይም በ20 በመቶ ሲጨምር፣ ዶላር ግን በ5 በመቶ ብቻ ከጨመረ፣ የኤክስፖርተሩ ወጪ ይወጣል፣ የሚያገኘው ብር ግን ባለበት ይቆማል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ደግሞ ርካሽ ይመስላል። ስለዚህ ሁሉም መግዛት ይፈልጋል፣ መሸጥ የሚፈልግ ይጠፋል፣ ዶላር ያልቃል።

በእነዚያ ዓመታት አንድ እንግዳ ንግድ ተለምዶ ነበር፦ ቡናና ሰሊጥ በኪሳራ ኤክስፖርት ማድረግ! ነጋዴው እዚህ በውድ ይገዛል፣ ውጭ በርካሽ ይሸጣል፣ በብር ሲሰላ ይከስራል። ነገር ግን ያገኛት ዶላር ዕቃ ለማስመጣት ትሆነዋለች፤ በመኪናውና በብረቱ ላይ ኪሳራውን ከነትርፉ ያወጣዋል። ሰው እየከሰረም ቢሆን ዶላር የሚፈልገው ይፋዊው ተመን ከእውነተኛ ዋጋው በታች ስለሆነ ነው። የማካካሻውን ዋጋ በመጨረሻ የሚከፍለው ደግሞ ከውጭ የመጣውን ዕቃ የሚገዛው ሕዝብ ነው።

6. ከ2010 እስከ 2016፦ ሁለት ዶላር በአንድ አገር

ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ዶላር በይፋዊው መንገድም ፍጥነት ጨመረ። በእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ ወደ 39፣ በ2021 መጨረሻ ወደ 49 ብር ደረሰ። ከዚያ በኋላ እንደገና ቀዝቀዝ አለና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ 57 ብር ገደማ ነበር።

በሌላ በኩል የዋጋ ንረቱ አልቀዘቀዘም፤ በእ.ኤ.አ. 2022 በአማካይ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ጦርነቱ፣ ኮቪድ፣ የዓለም የነዳጅና የስንዴ ዋጋ ተደራረቡ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ዶላር ለመቆጠብ ሲል 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ዶላር እንዳይገቡ አገደ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2023) ደግሞ አገሪቱ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች።

በዚህ ጊዜ የጥቁር ገበያው ዶላር ከ100 ብር ተሻግሮ ነበር። ባንክ 57፣ ውጪ ከዚያ እጥፍ ገደማ። 2.07 እና 7 የነበረው ታሪክ በሌላ ቁጥር ተመልሶ መጣ።

በባንክ በ57 ኤልሲ ለመክፈት የሚጠብቀው አስመጪ ወረፋው ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅበት ነበር። ሱቅ ውስጥ የምናገኘው ዕቃ ግን በ57 የተሰላ አልነበረም። ነጋዴው ዕቃውን የሚተምነው ነገ ዶላር በሚያገኝበት ዋጋ ነው፤ ያ ደግሞ ለብዙው የጥቁር ገበያው ነበር።

7. ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ያወጀው በዚህ ቀን ነው። ባንኮች ከደንበኞቻቸው ጋር በድርድር ዋጋ እንዲተምኑ ተፈቀደ። ኤክስፖርተሮች ካገኙት ዶላር ግማሹን እንዲያስቀሩ ተደረገ። የ38ቱ ዕቃዎች እገዳ ተነሳ። ከባንክ ውጪ የሚሠሩ የምንዛሬ ቢሮዎችም ፈቃድ እንዲያገኙ መንገድ ተከፈተ። በዚያው ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ) 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብድር አጸደቀ።

በመጀመሪያው ቀን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላርን በ74.73 ብር ተመነ። ከ9 ቀን በኋላ ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ባወጣው ልዩ ጨረታ አማካይ ዋጋው 107.90 ሆነ። በዓመቱ ደግሞ ከ130 አለፈ።

ይሄ በደመወዝ ሲታይ ምን ማለት ነው? ወር 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው ደመወዙ በዶላር፦

▪ በ57.48፦ 174 ዶላር
▪ በ74.73፦ 134 ዶላር
▪ በ107.90፦ 93 ዶላር

በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደመወዙ በዶላር ሲለካ ወደ ግማሽ ወረደ። በብር ለሚኖር፣ በተለይ የወር ደመወዝተኛ ለሆነ ሰው ሕመሙ እውነተኛ ነው። መንግሥትም ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒትና ለምግብ ዘይት ጊዜያዊ ድጎማ እንደሚያደርግ ያስታወቀው ለዚህ ነበር።

በተቃራኒው 100 ዶላር በባንክ የሚላክላት እናት ከ5,748 ብር ወደ 10,790 ተሻገረችላት። ቡና ላኪውም በኪሳራ የመሸጥ ምክንያቱ ቀነሰ። በይፋዊውና በጥቁር ገበያው መካከል የነበረው ልዩነት ጠበበ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ተመኑ ዝቅ ብሎ ሲታሰር ገበሬውና ገንዘብ ላኪው ይከፍላሉ፣ ሲለቀቅ ደግሞ ደመወዝተኛው ይከፍላል። የ80 ዓመቱን ታሪክ ስናየው ማንም ምንም ሳይከፍል የታለፈ ጊዜ አላገኘንም።

8. የድሮ ምንዛሬ ስታነቡ እንዳትሸወዱ

ሀ. "ዶላር" ሁልጊዜ የአሜሪካ አይደለም። እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ብራችን በእንግሊዝኛ "የኢትዮጵያ ዶላር" ይባል ነበር፣ በአማርኛ ግን ብር ነው። በቀድሞ የእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ "ደመወዙ 500 ዶላር" የሚል ካያችሁ 500 ብር ሊሆን ይችላል። "የጃንሆይ ጊዜ አስተማሪ ስንት ሺህ ዶላር ይበላ ነበር" ከማለታችሁ በፊት አጣሩ።

ለ. መቶኛው በሁለት መንገድ ይሰላል። በ2002ቱ ማስተካከያ አንዱ ሚዲያ 17 በመቶ፣ ሌላው 20 በመቶ አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከ13.63 ወደ 16.35 ሲሄድ የዶላር ዋጋ 20 በመቶ ጨመረ፣ የብር ዋጋ ደግሞ 17 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በ2010 የተነገረው 15 በመቶ ግን የዶላሩ ጭማሪ ነው፤ የብሩ ቅናሽ 13 በመቶ ገደማ ይሆናል። "ብር በ141 በመቶ ወረደ" የሚል ካያችሁ ስህተት ነው፤ ምንም ነገር ከ100 በመቶ በላይ ሊወርድ አይችልም። በ1985 ብር ያጣው 59 በመቶ ገደማ ነው።

ሐ. አማካይ ነው ወይስ የዕለት? የብሔራዊ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው የበጀት ዓመቱን (ከሐምሌ እስከ ሰኔ) አማካይ ነው። ለምሳሌ የ2002 በጀት ዓመት አማካይ ወደ 12.9 ነው፣ የዓመቱ መጨረሻ ግን 13.5 አካባቢ ነበር። ሁለት ቦታ የተለያየ ቁጥር ካገኛችሁ አንዱ ውሸት ነው ማለት አይደለም።

መ. መግዣና መሸጫ። ባንክ "መግዣ" የሚለው እሱ ከእናንተ የሚገዛበትን ነው፤ ዶላር ይዛችሁ ስትሄዱ የሚመለከታችሁ ይሄ ነው። "መሸጫ" ሁልጊዜ ይበልጣል። የድሮ ተመን ስታነጻጽሩ መግዣን ከመግዣ ጋር ብቻ አወዳድሩ።

ሠ. የኖት ቅያሪ ምንዛሬ አይለውጥም። በ1969ኙም ሆነ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ቅያሪ አዲስ ኖት ወጣ፣ በ2013ቱ ባለ 200 ብር ተጨመረ። አሮጌው 100 ብር ግን በአዲስ 100 ብር ነው የተለወጠው። የኖት ቅያሪ ወረቀቱን ይለውጣል፣ ዲቫሉዌሽን ደግሞ ዋጋውን።

ረ. ዶላርም ረክሷል። በእ.ኤ.አ. 1973 አሜሪካ ውስጥ በ1 ዶላር ይገዛ የነበረ ነገር ዛሬ 7 ዶላር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የያኔውን 2.07 ከዛሬው ዶላር ጋር በቀጥታ ስታስቀምጡ ሁለት የተለያዩ ዶላሮችን እያወዳደራችሁ ነው።

9. ገልፍ ላላችሁ ቤተሰቦቻችን

የሳዑዲ ሪያልና የኤምሬትስ ድርሃም ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰሩ ናቸው። አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ወይም 3.6725 ድርሃም ነው። የድሮውን የሪያል ምንዛሬ ማወቅ ከፈለጋችሁ የዚያን ቀን የዶላር ተመን ለ3.75 አካፍሉት። ለምሳሌ፦

▪ ዶላር 57.48 ሲሆን፦ ሪያል 15.33፣ ድርሃም 15.65
▪ ዶላር 74.73 ሲሆን፦ ሪያል 19.93፣ ድርሃም 20.35

የባንኩ ዋጋ በሳንቲም ሊለያይ ይችላል፣ ስሌቱ ግን አይርቅም። ስለዚህ ሪያል ወይም ድርሃም በብር ሲጨምር ምክንያቱን ሪያድ ወይም ዱባይ አትፈልጉ፤ የተንቀሳቀሰው ብሩ ነው።

ማጠቃለያ

2.07 እውነት ነው። 57.48ም እውነት ነበር። ሁለቱም ግን የተለጠፉ ዋጋዎች ነበሩ። ሱቅ ላይ "ስኳር በኪሎ 20 ብር" የሚል ተለጥፎ ገብታችሁ "አልቋል" ብትባሉ፣ ስኳር 20 ብር ነው ትላላችሁ?

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ያ የድሮ ኖት ፎቶ ሲመጣላችሁ "ስንት ነበር?" ብላችሁ አትቁሙ። ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ "በዚያ ዋጋ ማን ያገኝ ነበር? ልዩነቱንስ ማን ከፈለ?"

በቤታችሁ በ2.07 ዘመን ቡና የሸጠ፣ በባንክ ተራ ወረፋ የጠበቀ ወይም ከውጭ ገንዘብ የላከ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ጠይቁት። ሪፖርት ላይ የማይገኘው የዚያ ዘመን ምንዛሬ እነሱ ጋ ነው ያለው።